ብርሌና የድምፅ ማጉያ ሣጥን

አንባቢ ሆይ፤ በሠርግ ድንኳን አጠገብ ወይም በሙዚቃ ቤት ደጃፍ ቆመው ትልቁን የድምፅ ማጉያ ሣጥን ተመልክተው ያውቁ እንደ ሆነ፥ ከክቡ ስፒከር በታች ወይም በጎኑ አንድ ቀዳዳ ሳያዩ አልቀሩም። ይህ ቀዳዳ ለምን ተበጀ? ጥያቄውን ለብዙ ሰዎች አቅርቤዋለሁ። አንዱ «ሙቀት እንዲወጣበት ነው» ይላል። ሌላው «ለማማር ነው» ይላል። ሦስተኛው «ሣጥኑን ሲሸከሙት እጅ ለማስገቢያ ነው» ብሎ አስቆኛል። አራተኛው ደግሞ «ድምፁ እንዲወጣበት ነዋ!» ብሎ በጥያቄዬ ተገርሟል። ወደ እውነቱ የቀረበው ይህ አራተኛው ነው። ነገር ግን የትኛው ድምፅ እንደሚወጣና እንዴት አድርጎ እንደሚወጣ ሲጠየቅ እርሱም ዝም አለ።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ ቀዳዳ ነው። «ስለ ቀዳዳ ደግሞ ምን ይጻፋል?» ብለው ገጹን ለመግለጥ አይቸኩሉ። በዚህ ቀዳዳ ምክንያት የአናጢ ድካም መና ሲቀር፥ ውድ ስፒከር ሲቃጠል፥ ጎረቤትም እንቅልፍ ሲያጣ አይቻለሁና፥ ጥቂት ጊዜ ቢሰጡኝ የሚጠቅም ነገር ያገኙበታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ በመቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ኢሉባቦር የደንና የቡና፥ የማርና የዝናብ አገር መሆኑን አንባቢ ያውቃል። በቤቾ በኩል ባለው ደን ውስጥ የሶር ወንዝ ከገደል ይወረወራል። ወደ ፏፏቴው በእግሩ የሄደ ሰው እንደሚያስታውሰው፥ ውኃው ገና ለዓይን ሳይታይ አንድ ወፍራም ጉርምርምታ ይቀድማል። የውኃው ቀጭን ፍጭጭታ የሚሰማው ግን እጅግ ከቀረቡ በኋላ ነው። ቅጠሉና አየሩ ቀጭኑን ድምፅ በመንገድ ያስቀሩታል፤ ወፍራሙ ድምፅ ግን ማዕበሉ ረዥም ስለ ሆነ ዛፉን እየዞረ ያልፋል። በሰከንድ 45 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ፥ ማለት 45 ሄርዝ፥ የአንዱ ማዕበል ርዝመት 7 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ሙዚቀኞች «ቤዝ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሲመታ 41 ሄርዝ ያህል ይሰጣል። በሠርግ ላይ ጎረምሶች «ቤዙ ይምታ!» ብለው ሲጮኹ የሚፈልጉት ይህንኑ ከጆሮ አልፎ ደረት የሚነካውን ድምፅ ነው።

ይሁን እንጂ ለድምፅ ማጉያ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ድምፅ ነው። ስፒከር ማለት በመግነጢስ መካከል የተቀመጠ ጥቅል ሽቦ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚነዳው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ወደ ፊት ሲሄድ የፊቱን አየር ይገፋል፤ በዚያችው ቅጽበት የኋላውን አየር ይስባል። ስፒከሩን ያለ ሣጥን እንዲሁ አንጠልጥለው ቢያሠሩት፥ ከፊት የተገፋው አየር ዞሮ ከኋላ የጎደለውን ይሞላል። አንዱ የሠራውን ሌላው ያፈርሰዋልና ቤዙ እዚያው ይሞታል። ሣጥን ያስፈለገው የፊቱንና የኋላውን አየር ለመለየት ነው። ሣጥኑ ፈጽሞ የተዘጋ እንደ ሆነ ጠቡ ይበርዳል። ነገር ግን የወረቀቱ የኋላ ሥራ ታስሮ በከንቱ ይቀራል።

«ይህን የታሰረውን ድምፅ ከፊተኛው ጋር አስማምቶ ማውጣት አይቻልምን?» ብለው ከጠየቁት ሰዎች አንዱ አልበርት ቱራስ የተባለው አሜሪካዊ ነው። ቱራስ በቤል የቴሌፎን ላቦራቶሪ የሚሠራ ሰው ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1930 ማመልከቻውን አቅርቦ በ1932 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘዴ፥ በሣጥኑ ላይ በልክ የተሠራ የአየር መተላለፊያ ማበጀት ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚሠሩት የድምፅ ማጉያ ሣጥኖች እጅግ ብዙዎቹ ይህንኑ ዘዴ ይከተላሉ። ስሙንም «ባስ ሪፍሌክስ» ይሉታል።

የዘዴውን ምሥጢር ለመረዳት ግን አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የማር አገር ሰው በእጁ ይዞታል። ብርሌ ያንሡ። ሆዱ ሰፊ ነው፤ አንገቱ ጠባብና ረዥም ነው። ባዶውን ብርሌ ወደ ከንፈርዎ አስጠግተው በአፉ ላይ በቀስታ እፍ ቢሉበት አንድ ድምፅ ይሰጣል፤ ደግመው ቢሉም ያው አንዱን ድምፅ ነው። ጠጅ እስከ ግማሹ ሞልተው እፍ ቢሉበት ደግሞ ድምፁ ይቀጥናል፤ የአየሩ ቦታ ጠብቧልና። ይህ የሚሆንበት ምክንያት እንዲህ ነው። በሆዱ ውስጥ ያለው አየር ሲጨምቁት የሚገፋ፥ ሲለቁት የሚመለስ ስለ ሆነ የሞላ (የእስፕሪንግ) ሥራ ይሠራል። በአንገቱ ውስጥ ያለው አየር ደግሞ በዚያ ሞላ ላይ እንደ ተቀመጠ ክብደት ነው። ሞላና ክብደት ሲገናኙ በራሳቸው ልክ ይወዛወዛሉ። ሆዱ ሲሰፋ ሞላው ይላላል፤ አንገቱ ሲረዝም ክብደቱ ይበዛል፤ በሁለቱም ድምፁ ይወፍራል። አንገቱ ሲሰፋ ወይም ሲያጥር ግን ድምፁ ይቀጥናል። ይህን ሕግ አጥልቆ የመረመረው ጀርመናዊው ሐኪምና የፊዚክስ ሊቅ ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ነው። ስለ ድምፅ የጻፈውን ታላቅ መጽሐፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው።

እንግዲህ የድምፅ ማጉያው ሣጥን ብርሌ ነው። እንጨቱ ሆዱ ነው፤ ቀዳዳው ወይም በቀዳዳው የሚገባው ቱቦ አንገቱ ነው፤ እፍ የሚለውም የስፒከሩ ወረቀት ነው። ዥዋዥዌ የሚጫወት ልጅ በትክክለኛው ጊዜ በትንሽ በትንሹ ሲገፉት ሩቅ እንደሚሄድ ሁሉ፥ ሙዚቃው የሣጥኑን የራሱን ድምፅ ሲነካ ወረቀቱ በጥቂት እንቅስቃሴ በአንገቱ ውስጥ ያለውን አየር ብዙ ያወዛውዘዋል። በዚያን ጊዜ ቤዙን የሚያሰማው ወረቀቱ ሳይሆን ቀዳዳው ነው። ወረቀቱማ በዚያች ድምፅ ላይ ቀጥ ለማለት ይቃረባል።

ነገር ግን ይህ ስጦታ ዋጋ አለው። ከሣጥኑ ድምፅ በታች የወፈረ ድምፅ ሲመጣ፥ አየሩ በቀዳዳው እንደ ክፍት መስኮት ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ሞላው ወረቀቱን መያዙን ይተወዋል። ከቀዳዳው የሚወጣውም ከፊቱ ጋር መጣላት ይጀምራል። ድምፅ አይሰማም፤ ወረቀቱ ግን ከልኩ በላይ ይዘላል። ባለቤቱ «ቤዙ አነሰ» ብሎ ድምፁን ይጨምራል፤ ወረቀቱም ጨርሶ ይዘላል። መጨረሻው የተቀደደ ወረቀት ወይም የተቃጠለ ኮይል ነው። ስለዚህ ቀዳዳው ጌጥ አይደለም፤ አንዲት ድምፅ ብቻ ያላት የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ያቺ ድምፅ የት ላይ እንደምትሆን ሠሪው ካልመረጠ ዕድል ይመርጥለታል።

አሁን ወደ ራሳችን ከተማ ልመለስ። በአገራችን ትልቁን የድምፅ ማጉያ ሁሉ «ሞንታርቦ» እንለዋለን። ይህ ስም በመሠረቱ የአንድ የኢጣሊያ ድርጅት ስም ነው፤ ዛሬ ግን ማን ሠራው ማን ሳይባል የትልቅ ድምፅ ማጉያ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ከውጭ የመጣው ዋጋው ስለሚከብድ፥ ስፒከሩን ብቻ ገዝቶ ሣጥኑን በአገር አናጢ ማሠራት የተለመደ ነው። በመቱም ከገበያው ብዙ በማይርቅ ሥፍራ አንድ አናጢ አሉ። በሩና መስኮቱ፥ አልጋውና ቁም ሣጥኑ መደበኛ ሥራቸው ነው። የሠርግ ወራት ሲቃረብ ግን ከጎሬም ከበደሌም የድምፅ ሣጥን የሚያሠሩ ሰዎች ይመጡባቸዋል።

የእኚህን አናጢ እጅ ሳላደንቅ አላልፍም። የሚገጥሙት ማዕዘን ብርሃን አያሳልፍም። ያጠናቀቁትን ሣጥን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «ይህ ደህና ነው፤ ይህ ግን አንድ ቦታ ልቡ ላልቷል» ይላሉ፤ ሲፈተሽም እንዳሉት ይገኛል። ያጋጠማቸው ችግር ሌላ ነበረ። አንድ የሻይ ቤት ባለቤት ያሠራቸውን ሁለት ሣጥኖች መልሶ አምጥቶ «ያጉረመርማል እንጂ አይመታም» አላቸው። እርሳቸውም ቀዳዳው አንሶ እንደ ሆነ ብለው በየሣጥኑ ሁለተኛ ቀዳዳ ከፈቱለት። ጥቂት ቀን ሳይቆይ የሁለቱም ስፒከር ኮይል ተቃጠለ። ሰውየው የእንጨቱንና የእጁን ዋጋ አልከፍልም አለ፤ ይባስ ብሎ የስፒከሩን ካሣ ጠየቀ። አናጢው «ከእንግዲህ የድምፅ ሣጥን አልሠራም» ብለው ማሉ።

ይህ ነገር የእኔን ጆሮ ያገኘው በረዳታቸው በኩል ነው። ልጁ ባለፈው ዓመት ተማሪዬ ነበረ። አባቱ ስለ ሞቱ እናቱን ለመርዳት ከ10ኛ ክፍል ወጥቶ መጋዝ ይዟል። ለእርሱ ደመወዝ የሚተርፈው ከሣጥኑ ሥራ ነበረና፥ የጌታው መሐላ ለእርሱ ከሥራ መውጣት ማለት ነው። አንድ ቀን በመንገድ አግኝቶኝ «ቲቸር፥ ቀዳዳ ሲጨመር ድምፅ መጨመር አልነበረበትም?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ከሁለት ሰዎች እንጀራ ጋር የተያያዘ መሆኑን የሰማሁት ቆይቼ ነው።

በማግሥቱ ቅዳሜ ደብተርና ማስመሪያ ይዤ ወደ አናጢው ሄድኩ። «ጋሼ፥ ሣጥኑን ልለካው ይፍቀዱልኝ» አልኋቸው። «መምህር፥ ይለኩት፤ ለእኔስ ማገዶ ሆኗል» አሉኝ። የሣጥኑ ውስጡ 30 በ40 በ50 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይህም 60 ሊትር ይሆናል። ቀዳዳው 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ የእንጨቱ ውፍረት 2 ሴንቲ ሜትር ነው።

ስሌቱ የሚያስፈራ አይደለም፤ ተከታትለው ይሥሩት። የቀዳዳውን ስፋት በካሬ ሴንቲ ሜትር ይውሰዱ፤ 10 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክብ 78.5 ይሆናል። ይህን ለሣጥኑ ይዘትና ለአንገቱ ርዝመት ብዜት ያካፍሉት፤ ይዘቱ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር፥ ርዝመቱም በሴንቲ ሜትር ይሁን። የተገኘውን ቁጥር ዳግም ዘር (ስኩዌር ሩት) ያውጡለትና በ5460 ያባዙት። መልሱ የሣጥኑ ድምፅ በሄርዝ ነው። 5460 የመጣው ከድምፅ ፍጥነት ነው፤ ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ይሄዳልና። አንድ ነገር ብቻ አይርሱ፤ የሚወዛወዘው አየር ከአንገቱ ጫፍ ትንሽ ያልፋል። ስለዚህ በርዝመቱ ላይ ጭማሪ ይደረጋል። እንዲያው በእንጨት ላይ ለተከፈተ ቀዳዳ የስፋቱን 0.85፥ በአንድ ወገን እንጨት ላይ ተገጥሞ በሌላው ወደ ውስጥ ለሚዘልቅ ቱቦ ደግሞ 0.73 ያህል ይጨምሩ።

በዚህ አኳኋን ስናሰላው፥ አንድ ቀዳዳ ሳለው የሣጥኑ ድምፅ 61 ሄርዝ ነበረ። አናጢው ሁለተኛውን ቀዳዳ ሲከፍቱ የአንገቱ ስፋት እጥፍ ሆነ፤ ድምፁም ወደ 86 ሄርዝ ወጣ። ቤዝ ጊታሩ ግን እስከ 41 ሄርዝ ይወርዳል። እንግዲህ ሣጥኑ በ86 አካባቢ አንዲቱን ድምፅ እየደጋገመ ያጉረመርማል፤ ከዚያ በታች ባለው ሁሉ ግን ወረቀቱ ያለ ልጓም ይጋልባል። ለዚህ ነው ስፒከሮቹ የተቃጠሉት። «ታዲያ ሥራዬ መጥፎ አልነበረማ!» አሉ አናጢው። መጥፎ አልነበረም። ጎዶሎው አንድ ቁጥር ብቻ ነበረ።

ለዚህ አናጢውን የሚነቅፍ ሰው ካለ፥ የትልልቆቹን ፋብሪካዎች ታሪክ ያስታውስ። ቱራስ መብቱን ካገኘ በኋላም መሐንዲሶች ብዙ ዓመት በሙከራና በግምት ሲሠሩ ኖረዋል። አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲይል ስፒከርንና ሣጥንን በአንድ ስሌት የሚያስማማ ጥናት በአገሩ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ ጥናቱ በአሜሪካ እንደገና ታትሞ በሰፊው የታወቀው ግን በ1971 ነው። ቀጥሎም ሪቻርድ ስሞል የሚባል ሰው በሲድኒ ሥራውን አስፋፋው። ዛሬ ከጥሩ ስፒከር ጋር የሚመጣው የቁጥር ዝርዝር በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች ስም ይጠራል።

እኛ ግን የቁጥር ዝርዝር አልነበረንም። የሻይ ቤቱ ባለቤት ያስጠገናቸው ስፒከሮች ምንም ወረቀት የላቸውም። ስለዚህ ስፒከሩን ያለ ሣጥን አንጠልጥለን፥ በአንድ ሬዚስተር በኩል ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘነው። በእጅ ስልክ ላይ የፈለጉትን ሄርዝ የሚያወጣ ፕሮግራም አለ፤ በዚያ ድምፁን ከታች ወደ ላይ በቀስታ እያሳደግን በስፒከሩ ጫፎች ላይ የመለኪያውን ቁጥር ተከታተልን። ቁጥሩ ከሁሉ ከፍ ያለው 45 ሄርዝ ላይ ነው፤ ይህም የስፒከሩ የራሱ ድምፅ ነው። ብዙ ስፒከሮች ሣጥናቸው በራሳቸው ድምፅ አጠገብ ሲቃኝላቸው ይስማማቸዋል። ክራር የሚቃኝ ሰው ክሩን ወደ ዜማው እንደሚያመጣ፥ እኛም ሣጥኑን ወደ 45 ማምጣት ነበረብን።

አናጢው ሁለተኛውን ቀዳዳ በኮምፔንሳቶ ዘግተው፥ ዙሪያውን በኮላና በሰጋቱራ ደፈኑት። በአንደኛው ቀዳዳ 16 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ከተቱበት። ሆን ብለን አስረዘምነው፤ ምክንያቱም ቱቦ ማሳጠር ይቻላል፥ ማስረዘም ግን አይቻልም። በስሌቱ መሠረት ሣጥኑ 41 ሄርዝ መስጠት አለበት። አሁን የቀረው ማረጋገጥ ነው። እዚህ ላይ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አንድ ቁንጣሪ ጤፍና አንድ ጧፍ ነው።

ሣጥኑን በጀርባው አስተኛነው። በስፒከሩ ወረቀት ላይ ጤፍ በተንንበት። ድምፁን ለቀቅን። በ60 ሄርዝ ጤፉ እንደ እስክስታ ወራጅ ይዘላል። ቀስ እያልን ዝቅ ስናደርግ በ50 ዝላዩ ደከመ። በ42 ላይ ጤፉ ተኛ። ድምፁ ግን እንደ ቀድሞው በቤቱ ውስጥ ሞልቷል፤ እንዲያውም መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ልጁ በርቶ የነበረውን ጧፍ ወደ ቱቦው አፍ ሲያስጠጋው ነበልባሉ ተጋድሞ ጠፋ። ወረቀቱ ዝም ብሎ ቀዳዳው ሲናገር ያን ጊዜ በዓይናችን አየን። ወደ 35 ስናወርደው ጤፉ ከወረቀቱ ላይ እየተበተነ ወደ ወለሉ ፈሰሰ። አናጢው ዝቅ ብለው የወደቀውን ጤፍ አዩና «ስፒከሩን የበላው ይኸ ነዋ!» አሉ።

ወዲያው ግን አንድ ጥያቄ አነሡ። «መምህር፥ እርስዎ 41 ብለው ነበር፤ ጤፉ 42 ይላል። ማንኛችሁ ነው የተሳሳተው?» እኔ አፌን ሳልከፍት ልጁ ቀደመኝ። «ጋሼ፥ ሣጥኑ 60 ሊትር የሆነው ባዶውን ሳለ ነው። የስፒከሩ መግነጢስና ቱቦው ራሱ ውስጥ ገብተው ቦታ በልተዋል» አለ። ደብተሩን ሰጠሁትና ወደ ኋላ ሄዶ ሲያሰላው የቀረው ቦታ 57 ሊትር ሆኖ ተገኘ። ዳግም ዘር ማውጣት ለምን እንደሚጠቅም በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ሲጠየቅ የሰማሁት ነው፤ በዚያ ቀን ግን ማንም አልጠየቀኝም።

ከዚያ በኋላ ለ45 ሄርዝ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚቆረጥ ልጁ አሰላ፤ 3 ሴንቲ ሜትር ወጣው። አናጢው «አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» እያሉ ሁለት ጊዜ አስለክተውት ቱቦውን 13 ሴንቲ ሜትር አድርገው ቆረጡት። ጤፉ 45 ላይ ተኛ። ሁለተኛውም ሣጥን እንዲሁ ተቃኘ። የሻይ ቤቱ ባለቤት መጥቶ ሲሰማ ብዙ አልተናገረም። ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆሞ ሰማ፤ ከዚያም የቀረበትን ዕዳ ከፈለ፤ የካሣውንም ነገር አላነሣም። አናጢው መሐላቸውን አፈረሱ፤ ልጁም ሥራውን ይዞ ቀረ። ወደ ትምህርት ቤት ገና አልተመለሰም። ነገር ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሩን ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ የማታ ትምህርት ለመጀመርም አስቧል።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ «የእኛ አገር ደጋ ነው፤ አየሩም ስስ ነው፤ የፈረንጅ ስሌት እንዴት ይሠራልናል?» ይል ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። መቱ ከባሕር ወለል በላይ 1600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ እጅግ ከፍ ትላለች። በከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በአንገቱ ያለው ክብደት በቀለለበት መጠን በሆዱ ያለው ሞላም በዚያው መጠን ይላላል። ሁለቱ እኩል ስለሚቀንሱ የሣጥኑ ድምፅ ከቦታው አይነቃነቅም። የሚለውጠው ሙቀት ነው፤ እርሱም ቢሆን ከ15 ወደ 25 ዲግሪ ቢወጣ ልዩነቱ ከ45 ሄርዝ ላይ አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ለመቱ የተቃኘ ሣጥን በጋምቤላ ሙቀትም በጎሬ ብርድም ያገለግላል።

ለኢሉባቦር ሣጥን የሚያስፈራው ከፍታው ሳይሆን ዝናቡ ነው። ቺፑድ እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፤ መገጣጠሚያውም ይከፈታል። የተከፈተ መገጣጠሚያ ደግሞ ማንም ያልለካው ሌላ ቀዳዳ ነው፤ አየሩ በዚያ እያፏጨ ይወጣና አንገቱ ኀይል ያጣል። ስለዚህ ከቺፑድ ይልቅ ጥሩ ኮምፔንሳቶ ወይም ዋንዛ ይሻላል። መገጣጠሚያው ከውስጥ በኮላና በሰጋቱራ ይደፈን፤ ውጭውም ጀርባው ሳይቀር ቀለም ይቀባ። ጤፉ በየትኛውም ሄርዝ ላይ ደህና አድርጎ አልተኛ እንደ ሆነ፥ ሣጥኑ አንድ ቦታ አየር እንደሚያስወጣ ይወቁ፤ ጧፉን በመገጣጠሚያው ሁሉ ቢያዞሩት ቦታውን ያሳየዎታል።

ሌላም ጥቂት ምክር አለኝ። ቱቦውን አጥብበው አጭር በማድረግ ቦታ ለመቆጠብ የሚሞክሩ አሉ። እውነት ነው፤ በዚያው በ60 ሊትር ሣጥን 5 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ 25 ሄርዝ ይሰጣል። በወረቀት ላይ እጅግ ያማረ ቁጥር ነው። ነገር ግን ብዙ አየር በጠባብ በር ሲጋፋ «እፍ፥ እፍ» የሚል ድምፅ ከሙዚቃው ጋር ይሰማል፤ ቤዙም ይታነቃል። አንገቱ ስፒከሩ የሚገፋውን አየር የሚችል ይሁን። የቱቦው አፍ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። የውስጠኛው ጫፍ ከሣጥኑ ጀርባ ቢያንስ የራሱን ስፋት ያህል ይራቅ። ትልቅ ሣጥን ሠርተው ሁለት ቱቦ ማግባት ካስፈለገዎ ደግሞ፥ ሁለት አንገት ድምፁን እንደሚያቀጥነው አስታውሰው ሁለቱንም ያስረዝሟቸው።

ይህ ሁሉ ልፋት ለጭፈራ ብቻ ነው ብለው አያስቡ። ሰው ድምፁን ያለ ልክ የሚያስጮኸው ብዙ ጊዜ ቤዙ ሲጎድልበት ነው። ቤዙን ፍለጋ መዘውሩን ሲጠመዝዝ ቀጭኑ ድምፅ አብሮ ይጮኻል፤ ጎረቤት ይታወካል፤ ሕፃን ይነቃል፤ በማግሥቱ ፈተና ያለበት ተማሪም ትራሱን በጆሮው ላይ ይጭናል። በደንብ የተቃኘ ሣጥን በጥቂት ኀይል ይጠግባል። ከላይ ያልኋቸው የሻይ ቤቱ ሣጥኖች ከተቃኙ ወዲህ፥ የባለቤቱ መዘውር ቀድሞ ከነበረበት ዝቅ ብሎ እንደሚኖር ደንበኞቹ ይመሰክራሉ።

በመጨረሻም ለሠሪዎችና ለአሠሪዎች ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። ሣጥን ሲያሠሩ ስለ ቀለሙና ስለ ጌጡ ከመነጋገርዎ በፊት «ድምፁ ስንት ላይ ይቃኛል?» ብለው ይጠይቁ። ሠሪውም ሥራውን ሲጨርስ አራት ቁጥሮች በሣጥኑ ጀርባ በእርሳስ ይጻፍ፤ ሊትሩን፥ የአንገቱን ስፋት፥ የአንገቱን ርዝመትና ሄርዙን። የመቱው ልጅ ዛሬ እንዲህ ያደርጋል። ከብዙ ዓመት በኋላ ስፒከሩ ተበላሽቶ በበደሌ ወይም በያዮ ሌላ አናጢ ሣጥኑን ሲከፍተው፥ ከግምት ሳይሆን ከቁጥር ይጀምራል። የአናጢው እጅ ያውቃል፤ የአስተማሪውም ደብተር ያውቃል። ሁለቱ የሚያውቁትን በአንድ ሣጥን ላይ ሲጽፉት ግን ለሦስተኛው ሰው ይተርፋል።